የእንጨት ሕትመት ሥዕል እንዴት ይገዛል? ደሴ ላይስ እንዴት ይያዛል?

የእንጨት ሕትመት ማለት ሠዓሊው ጣውላ ቀርጾ፣ ቀለም በሮለር አልብሶ፣ ወረቀት ላይ ያተመው ሥዕል ነው። የተቦረቦረው ቦታ ነጭ ይቀራል፣ ያልተነካው ቀለም ይይዛል። ከአንድ ጣውላ የተወሰነ ቅጂ፣ ለምሳሌ 20 ወይም 30፣ ታትሞ ይቆማል፤ እያንዳንዱም ቅጂ ራሱን የቻለ የሠዓሊው ሥራ ነው። በአገራችን ይህን ጥበብ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካስተማሩት አንዱ ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ ሲሆን፣ ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ ከተማሪዎቹ መካከል ነው። በሸራ የተሠራ ሥዕል ለመግዛት አቅሙ ላልደረሰ ሰው ጥሩ መነሻ ነው።

1. መጀመሪያ ዓይንዎን ያለማምዱ። አዲስ አበባ ሲሄዱ በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተመራቂዎች ዐውደ ርእይ ካለ ሳያዩ አይመለሱ። አንዳንድ ሠዓሊ የቀረጸውን ጣውላ ራሱን ቀለም ቀብቶ ይሸጣል፤ እሱ ሌላ ሥራ ነው፣ ቅጂም የለውም።

2. ከሥዕሉ ግርጌ የተጻፈውን ያንብቡ። በግራ 7/30 ዓይነት ቁጥር፣ በመሐል ርእስ፣ በቀኝ ፊርማና ዓመት፣ ሁሉም በእርሳስ ነው። 7/30 ማለት ከ30 ቅጂዎች 7ኛ ቁጥር የተሰጠው ማለት ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ወረቀቶቹ ደርቀው ከተሰበሰቡ በኋላ ስለሆነ የሕትመቱን ተራ ላያሳይ ይችላል፤ ለ1/30 ተጨማሪ ብር መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው። በቁጥር ፈንታ «ኤ ፒ» የሚል የላቲን ምልክት ካለው ሠዓሊው ለራሱ ያስቀረው ቅጂ ነው። የእነዚህ ብዛት በተለምዶ ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ለ30 ቅጂ 15 «ኤ ፒ» አለ ከተባለ ምክንያቱን ይጠይቁ። ጣውላው ከሕትመቱ በኋላ ምን እንደተደረገም ይጠይቁ። ሕትመቱ ሲያልቅ በጭረት የተሰረዘ ከሆነ ጥሩ ነው። ባለ ብዙ ቀለም ሆኖ አንዱ ጣውላ ለየቀለሙ እየተቀረጸ ከታተመ ደግሞ ጣውላው አብሮ ስለሚያልቅ ማንም ደግሞ ሊያትመው አይችልም።

3. ወረቀቱን ይመርምሩ። ገዢ የሚታለለው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። ሥራው ፍሬም ውስጥ ከሆነ እንዲወጣ ይጠይቁ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ይተዉት።

መስኮት አጠገብ ይዘው ብርሃኑን ከጎን ያሳርፉበት፣ ከዚያ ይገልብጡት። በማንኪያ ጀርባ ወይም በማሻ የታተመ ወረቀት ጀርባው ላይ የመታሸት ዱካ ይኖረዋል፤ በማተሚያ መኪና የታተመም ቢሆን ጠንካራ መስመሮቹ ጎላ ብለው በጣት ጫፍ ሊሰሙ ይችላሉ። ቀጥሎ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር የጥቁሩን ጠርዝ ይዩ። ጣውላው ወረቀቱን ሲጫን ቀለሙ ወደ ዳር ስለሚገፋ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር ይሠራል። በሰፊው ጥቁር ውስጥም የእንጨቱ ደም ሥር ብዙ ጊዜ ይታያል። በመነጽሩ ሥር የሰማያዊ፣ የቀይና የቢጫ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካዩ ግን የማሽን ሕትመት ነው፤ ፊርማው እውነተኛ ቢሆንም እንኳ እንደ ፖስተር ይቁጠሩት። ፊርማውንም ያዘንብሉት፤ እርሳስ ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፣ የታተመ ፊርማ አያብለጨልጭም።

ነጩ ዳር ለፍሬም ሲባል የተቆረጠ፣ ስኮች የተለጠፈበት ወይም የታጠፈ ከሆነ ዋጋውን ዝቅ ያድርጉ።

4. ወደ ደሴ ሲያመጡ አይጠቅልሉ። ከአዲስ አበባ በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ወፍራም የዘይት ቀለም ታጥፎ ሊሰነጠቅ ይችላል። በሁለት ካርቶን መሐል ያድርጉ፤ የአንዱ ካርቶን ጎድጓዳ መስመር ቁም፣ የሌላው አግድም ይሁን፣ ያኔ አይጎብጥም። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን።

5. ፍሬም። ብዙ ፍሬም ቤት ሥዕሉን ኮምፐርሳቶ ላይ በኮላ ይለጥፋል። አንዴ ከተለጠፈ ያለ ጉዳት አይነሳም፤ እርጥበት ሲገባም ወረቀቱ እየተሳበ ይኮማተራል። ስለዚህ ፍሬሙንና መስታወቱን ያሠሩ፣ ሥዕሉን ግን ራስዎ ያስገቡ።

3 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቁራጭ ነጭ ወረቀቶች ያዘጋጁ፣ አሲድ አልባ ቢሆኑ ይመረጣል። ሁለቱን ጫፎች ወደ መሐል አጥፈው ሦስት ማዕዘን ኪስ ይሥሩ። የሥዕሉን አራት ማዕዘን በኪሶቹ ውስጥ ያስገቡ፤ ማጣበቂያው ከኪሱ ወደ ጀርባ ካርቶኑ እንጂ ሥዕሉን አይንካ። በየዳሩ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ወረቀት በክረምት ይሰፋል፣ መስፊያ ካጣ ይጎብጣል። ሥዕሉና መስታወቱም መነካካት የለባቸውም፤ በመሐላቸው መስኮት የተቆረጠለት ወፍራም ካርቶን ይግባ። መስታወት ላይ የተጣበቀ ቀለም ሲላቀቅ ከነወረቀቱ ነው የሚነሳው።

6. ቦታ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ዝናብ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ፣ በተለይ የጭቃ ቤት ከሆነ፣ አይስቀሉ። የክፍል መሐል ግድግዳ ይምረጡ፣ ከፍሬሙ ጀርባ ታች ሁለት የቡሽ ቁራጭ ለጥፈው አየር እንዲያልፍ ያድርጉ። ቆላ ወረድ ወዳሉት ኮምቦልቻና ሐርቡ የሚያሳስበው ምስጥና ፀሐይ ነው፤ ፍሬሙ ወለል ላይ አይደገፍ፣ የመስኮት ፀሐይም አይድረስበት። ቡና የሚፈላበትና እጣን የሚጨስበት ክፍልም አይሆንም። ጥላሸቱ በስንጥቅ ገብቶ ነጩን ያደበዝዛል፣ ከወረቀትም አይታጠብም።

7. መዝገብ ይያዙ፦ ሠዓሊ፣ ርእስ፣ የሕትመት ዓመት፣ የቅጂ ቁጥር፣ የሥዕሉና የወረቀቱ ልክ፣ የፊትና የጀርባ ፎቶ፣ ደረሰኝ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ፍሬሙን አውርደው ይክፈቱ። ሻጋታ ካዩ በእርጥብ ጨርቅ አይንኩት፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። አየር ባለበት ጥላ ሥር በደንብ ያድርቁት፣ ከዚያ ደጅ ወጥተው በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ የጀርባ ካርቶኑንም በአዲስ ይቀይሩ።