ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ ሥሩ ሲጠቁር፦ በአፈርና በውሃ የሚበቅል የቤት ውስጥ አትክልት ችግርና መፍትሄ

ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣና በሶብላ በአፈርም ሆነ ማዳበሪያ በተሟሟበት ውሃ (ሃይድሮፖኒክስ) ቤት ውስጥ ይበቅላሉ። የሁለቱ ትልቁ ልዩነት ስህተትን የሚችሉበት መጠን ነው። አፈር ማዳበሪያንም ሆነ የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲቀንስ አሲዱ ይበዛል) ለውጥን ይዞ ያቆያል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ዘግይቶ ይታያል፣ ዘግይቶም ይታረማል። ውሃ ላይ ያለ ተክል ግን የዛሬን ስህተት ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ያሳያል። በመሆኑም ምልክቱ አንድ ቢሆንም የመጀመሪያው እርምጃ ይለያያል፦ በውሃ ከሆነ መለኪያ ያንሱ፣ በአፈር ከሆነ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይክተቱ።

ምልክት፦ ቅጠል ቢጫ ሆነ

ማዳበሪያ ከመጨመርዎ በፊት የትኛው ቅጠል እንደጀመረ ይዩ። የታችኛውና አሮጌው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን አንሷል፤ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለአዲሱ ይሰጣል። አሮጌው ቅጠል ደምሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ብቻ ከደበዘዘ ማግኒዥየም ነው፤ በውሃው ላይ በሊትር 0.5 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት (የኤፕሰም ጨው) መጨመር ወደ 50 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም ይሰጣል፣ ይበቃል።

ይኸው መልክ በላይኛውና በአዲሱ ቅጠል ላይ ከታየ ብረት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብረቱ አልጠፋም፤ ፒኤች ከፍ ብሎ ተክሉ ሊወስደው አልቻለም። በውሃ ፒኤችን ከ5.5 እስከ 6.5 ያድርሱ፦ የፒኤች መቀነሻውን በጠብታ ይጨምሩ፣ ያማስሉ፣ 15 ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይለኩ። በአፈር የሚፈለገው ከ6.0 እስከ 7.0 ነው። ድኝ ፒኤችን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ባክቴሪያ ወደ አሲድ እስኪለውጠው ሳምንታት ወይም ወራት ስለሚፈጅ፣ እስከዚያ ኢዲዲኤችኤ የተባለውን የብረት ዓይነት መስጠት ይሻላል። ኢዲቲኤ የሚባለው ርካሹ ዓይነት ፒኤች ከ6.5 ካለፈ ብረቱን ይለቀዋል።

መለኪያውም ይሳሳታል። በ7.0 እና በ4.0 ማስተካከያ ፈሳሽ በየጊዜው ካልተስተካከለ፣ ወይም ጫፉ ደርቆ ከተቀመጠ፣ የሚያሳየውን ቁጥር አይመኑ።

ምልክት፦ ውሃ እያለ ተክሉ ጠወለገ

በአፈር ላይ ሰው ወዲያው ውሃ ይጨምራል። ነገሩን የሚያባብሰውም ይኸው ነው። ጣትዎን 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ያስገቡ፤ ረጥቦ ከተገኘ ሥሩ አየር አጥቷል። ውሃ ማጠጣቱን ያቁሙ፣ የታች ቀዳዳው እንዳልተደፈነ ይዩ፣ ሲተክሉም ከአፈሩ ላይ አንድ አራተኛ ያህል ፐርላይት (አፈሩን የሚያናፍስ ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) ይቀላቅሉ። ከታች ጠጠር መደርደር ውሃ ያወርዳል የሚባለው ልማድ አይሠራም፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ላይ ይቆማል፣ እርጥቡ ክፍል ወደ ሥሩ ይጠጋል።

በውሃ ከሆነ ክዳኑን ከፍተው ሥሩን ይዩ። ነጭ ወይም ክሬም ከሆነ ደህና ነው፤ ቡናማ፣ የሚያሟልጭና የሚሸት ከሆነ በስብሷል። መነሻው ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው፦ ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፣ በ30 ዲግሪ ግን 7.6 ብቻ፤ ሥሩ ደግሞ በሙቀት ጊዜ የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። ውሃውን ይድፉ፣ የሞተውን ሥር ይቁረጡ፣ ገንዳውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ አጥበው ደጋግመው ያለቅልቁ (በረኪናን ከፒኤች መቀነሻ አሲድ ጋር በፍጹም አያገናኙ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል)። ከዚያ በግማሽ መጠን የተበጠበጠ አዲስ ማዳበሪያ ይሙሉ፣ ሙቀቱን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ያቆዩ፣ የአየር ድንጋይ (ከአየር ፓምፕ ጋር ተያይዞ ውሃው ውስጥ አረፋ የሚያወጣ) ይጨምሩ። ገንዳው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ይሸፍኑት፤ አለዚያ አልጌ ይወርሰዋል።

ምልክት፦ የኢሲ ቁጥር አይረጋም

ኢሲ በውሃው ውስጥ ያለውን የማዳበሪያ ጨው መጠን ይነግራል። ለሰላጣ ከ0.8 እስከ 1.2፣ ለቲማቲም ከ2.0 እስከ 3.5 ሚሊሲመንስ በሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱ ይጠቅማል፦ ውሃው ቀንሶ ኢሲ ከወጣ ተክሉ ከማዳበሪያው ይልቅ ውሃ እየጠጣ ነው፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጨምሩ። ውሃው ቀንሶ ኢሲም ከወረደ ርቦታል፣ ማዳበሪያውን በትንሹ ያጠንክሩ። ውሃው ቀንሶ ኢሲ ባለበት ከቆየ ልኩን አግኝተዋል፣ አይነካኩት። ፒኤች ቀስ እያለ መውጣቱም አያስደንግጥ፤ ተክል ናይትሬት ሲወስድ የሚሆነው ነው።

በአፈር የዚህ አቻው አፈሩ ላይ የሚጋገረው ነጭ ጨውና የሚቃጠለው የቅጠል ጫፍ ነው። የመትከያውን ዕቃ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚሆን ውሃ ቀስ ብለው አሳልፈው ጨውን ያጥቡ፣ ከታች የወጣውንም ይድፉ።

ምልክት፦ የቲማቲም ፍሬ ከታች ጠቆረ

በሽታ አይደለም፣ መድኃኒትም አይረጩ። ካልሲየም ከውሃ ጋር ስለሚጓዝ፣ ውሃ ሲቆራረጥ ፍሬው ጋ አይደርስም። በአፈር ውሃ አሰጣጡን እኩል ያድርጉ። በሃይድሮፖኒክስ በጣም ከፍ ያለ ኢሲም ውሃ መሳቡን ስለሚያዳክም ዝቅ ያድርጉት። የጠቆረው ፍሬ አይድንም፣ ይልቀሙት።

ምልክት፦ ገንዳው ውስጥ ነጭ ዝቃጭ

ካልሲየም ናይትሬት ሳይሳሳ ከሰልፌት ወይም ከፎስፌት ጋር ተገናኝቷል። ማዳበሪያው «ሀ» እና «ለ» ተብሎ በሁለት ጠርሙስ የሚሸጠው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ውሃውን ይሙሉ፣ «ሀ»ን አማስለው ይጨርሱ፣ ከዚያ «ለ»ን ይጨምሩ። የዘቀጠው ተመልሶ አይሟሟም፤ ውሃውን ይቀይሩ።

ምልክት፦ አፈሩ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች

ላዩ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ይራባሉ። 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር እስኪደርቅ ውሃ አይስጡ፣ ቢጫ ማጣበቂያም ይስቀሉ።

ምልክት፦ መብራት ጠፋ፣ ፓምፕ ቆመ

ውሃ በቀጭኑ በሚፈስበት ቱቦ ላይ ሥሩ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፤ ሥሩ ገንዳ ውስጥ የተነከረበት ዘዴ ግን ቀዝቃዛ ከሆነ ረዘም ይቆያል። መብራት የሚቆራረጥብዎ ከሆነ ፓምፕ የማይፈልገውን የቆመ ውሃ ዘዴ በሰላጣ ይሞክሩ። በዚህ ዘዴ ውሃው እየጎደለ ሲሄድ የላይኛው ሥር ከአየር ጋር ይላመዳል። ስለዚህ ሲጨምሩ እስከ አፉ አይሙሉ፤ ያ ሥር ከሰጠመ ተክሉ ይጠወልጋል።