የብር ቀለበት አሠራር፦ ከሽቦ እስከ ሽያጭ

በራሱ እጅ ሠርቶ በራሱ ምልክት መሸጥ ለሚፈልግ ጀማሪ አንጥረኛ ከብር ቀለበት የተሻለ መነሻ የለም። ብር ከወርቅ በጣም ይረክሳል፤ ሥራው ግን ልክን፣ እሳትንና ሞረድን አንድ ላይ ያስተምራል።

ብሩን ሲገዙ 925 መሆኑን ያረጋግጡ። ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። ቀደምት አንጥረኞቻችን እያቀለጡ ጌጥና መስቀል ይሠሩበት የነበረው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 833 ገደማ ነው። ስለዚህ አሮጌ ጌጥ አቅልጠው ከሠሩ፣ ሳያስመረምሩ ለደንበኛ «925 ነው» አይበሉ።

የሽቦውን ርዝመት ለማግኘት በቀለበቱ የውስጥ ዲያሜትር ላይ የሽቦውን ውፍረት ደምረው በ3.14 ያባዙ። ዲያሜትሩ 17፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ 58 ሚሊሜትር ያህል ይቆርጣሉ። ውፍረቱ ከተዘነጋ ቀለበቱ ይጠባል። ጠፍጣፋ ሽቦ ከመረጡ ምልክትዎንና 925 የሚለውን ቁጥር ሳይታጠፍ በፊት ይምቱበት።

ቀጥሎ ሽቦውን ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ድረስ ያግሉት። በደማቅ ብርሃን ይህ ቀለም ስለማይለይ ክፍሉን ጨለም ያድርጉት። ውሃ ውስጥ ካቀዘቀዙት በኋላ በክብ ዘንግ ላይ በእንጨት መዶሻ ያጥፉት፤ የብረት መዶሻ ጠባሳ ይተዋል።

ከሁሉ በላይ የማይቸኮልበት መጋጠሚያው ነው። የብየዳ ብር (ከቀለበቱ ቀድሞ የሚቀልጥ ማያያዣ ብር) ጠባብ መጋጠሚያ ውስጥ ራሱ ይሰርጋል፤ ሰፊ ክፍተት ግን አይሞላም። ሁለቱን ጫፎች ሞርደው ካገናኙ በኋላ ወደ መስኮት አዙረው ይመልከቱ፤ ብርሃን ካሳለፈ እንደገና ይሞርዱ። ቦራክስ (ብየዳው በደንብ እንዲሰርግ የሚረዳ ነጭ ዱቄት፣ በውሃ የተበጠበጠ) ቀብተው ትንሽ የብየዳ ብር ቁራጭ ያስቀምጡበት። እሳቱን ቁራጩ ላይ ብቻ አያነጣጥሩ፤ ብየዳው ሙቀት ወዳለበት ስለሚሄድ ቀለበቱ በሙሉ እኩል መሞቅ አለበት። በመጋጠሚያው ላይ ብሩህ መስመር ሲሮጥ ባዩ ቅጽበት እሳቱን ያንሱ። 925 ብር ራሱ ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መቅለጥ ይጀምራልና ትንሽ መዘግየት ሙሉውን ሥራ ያበላሻል።

የጠቆረውን ገጽ በሙቅ የሲትሪክ አሲድ ውሃ ያጥቡ። የብረት ጉጠት ወደ አሲዱ አያስገቡ፤ ካስገቡ በውሃው ውስጥ የሟሟው መዳብ ብሩ ላይ ይለብሳል። ከዚያ በ400፣ በ800፣ በ1200 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቅደም ተከተል አሽተው ይወልውሉት።

ዋጋ ሲተምኑ የብሩን ክብደት ብቻ አይቁጠሩ። የጋዝ፣ የቦራክስና የወረቀት ወጪ፣ በተለይም የሠሩበት ሰዓት ይታሰብ። ብዙ ጎበዝ ባለሙያ ከሥራው የሚወጣው በክህሎት ማነስ ሳይሆን ድካሙን በግራም ስለሚሸጥ ነው። ለወዳጅ የሚቀነስ ካለም ከትርፉ ይቀነስ እንጂ ከድካሙ ዋጋ አይነካ።

የእያንዳንዱን ቀለበት ንድፍ፣ ልክ፣ ክብደትና የፈጀውን ሰዓት በደብተር ይመዝግቡ፤ ደንበኛ «ያንኑ ለእህቴ» ብሎ ሲመለስ ዋጋውንም የሽቦውንም ርዝመት ወዲያው ያገኙታል።