ያለ ጠበቃ በፍትሐ ብሔር ችሎት ለመከራከር እንዴት ይዘጋጃሉ?

በፍትሐ ብሔር ክርክር ያለ ጠበቃ መቅረብ በብዙ አገሮች የተፈቀደ ቢሆንም ገደብ አለው። በጀርመን ላንድገሪሽት በሚባለው ፍርድ ቤት በመርህ ደረጃ ያለ ጠበቃ መከራከር አይቻልም፤ በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ደግሞ ግለሰብ ስለ ራሱ ጉዳይ መቅረብ ሲችል ኩባንያ በጠበቃ አማካይነት ብቻ ይቀርባል። ስለዚህ አስቀድመው የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ይጠይቁ። ሬጅስትራሩ የሕግ ምክር አይሰጥም፤ የትኛው ቅጽ እንደሚሞላ፣ ስንት ኮፒ እንደሚያስፈልግና የዳኝነት ክፍያው እንዴት እንደሚከፈል ግን ሊነግርዎት ይችላል።

ከሁሉ በፊት ቀን ይቁጠሩ። ሕጉ ለክስ ማቅረቢያ የወሰነው የጊዜ ገደብ (ይርጋ) ካለፈ፣ የቱንም ያህል እውነት ከእርስዎ ጋር ብትሆን ተከሳሹ ይህንኑ በመቃወሚያ አንሥቶ መዝገቡን ሊያዘጋው ይችላል። ተከሳሹ እርስዎ ከሆኑም መጥሪያው በደረሰዎት ዕለት የመልስ ማቅረቢያውን ቀን ይመዝግቡ፤ በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይህ ጊዜ በመደበኛው 21 ቀን ብቻ ሲሆን፣ መልስ ሳይሰጥ የቀረ ሰው በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች ደግሞ የተረታው ወገን የረቺውን ወጪ እንዲተካ በመደበኛነት ይታዘዛልና፣ ይህን ሳይመዝኑ ክስ አይጀምሩ።

የክስ ማመልከቻው ላይ ጊዜ ወስደው እንዲሠሩ አጥብቄ እመክራለሁ። የተበደለ ሰው ሲጽፍ ምሬቱ ፍሬ ነገሩን ይውጠዋል። «ተከሳሽን እንደ ወንድሜ ባምነው ከዳኝ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ልብ ይነካል እንጂ ዳኛው የሚይዙት ነገር የለውም። የብድር ክስ ከሆነ ማስረዳት ያለብዎት ገንዘቡን መስጠትዎን፣ ተከሳሹ ሊመልስ መስማማቱንና የመክፈያው ጊዜ ደርሶ አለመክፈሉን ነው። አንዱን ፍሬ ነገር በአንድ አንቀጽ፣ በተራ ቁጥር ለይተው ይጻፉ፤ ቀኑን፣ የገንዘቡን ልክና በምን መንገድ እንደተሰጠ በትክክል ይጥቀሱ። በመጨረሻም የሚጠይቁትን ዳኝነት በግልጽ ያስፍሩ፤ ወለድም ሆነ ወጪ፣ ያልጠየቁትን ፍርድ ቤቱ በራሱ ይሰጠኛል ብለው አይጠብቁ።

ከዚያ አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በግራ በኩል ፍሬ ነገሮቹን፣ በቀኝ በኩል እያንዳንዳቸውን የሚያስረዳውን ውል፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የስልክ መልእክት ወይም ምስክር ይዘርዝሩ። በቀኝ በኩል ባዶ የቀረ ቦታ ካለ ተከሳሹ የሚመታዎት በዚያ ነው። የስልክ መልእክት ሲያትሙ ቀኑና የላኪው ቁጥር ይታይ፤ የሚጠቅምዎትን ብቻ ቆርጠው ካቀረቡና ሌላው ወገን ሙሉውን ካመጣ፣ ዳኛው በቀረው ማስረጃዎም ላይ ያላቸው እምነት ይቀንሳል። ሰነዶቹን በቀን ቅደም ተከተል ቁጥር ሰጥተው፣ ዋናዎቹን ለማመሳከሪያ ይዘው ይቅረቡ።

የተከሳሹ መልስ ሲደርስዎ ያመነውንና የካደውን ለይተው ያስምሩበት፤ ክርክሩ የሚቀረው በካደው ላይ ነው። ከችሎት ውጭ ለመታረቅ መሞከርም ይህ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ከተስማሙ ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን።

በችሎት አጭርና የተረጋጋ ንግግር ይበቃል። ምስክርን ተከራካሪዎች ራሳቸው በሚጠይቁበት ሥርዓት፣ የራስዎን ምስክር ሲጠይቁ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አያቀብሉ። «ተከሳሹ ገንዘቡን ሲቀበል እርስዎ አይተዋል አይደል?» የሚለው መሪ ጥያቄ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አይፈቀድም፤ «በዚያ ዕለት የት ነበሩ? ምን አዩ?» ብለው ያዩትን በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ያድርጉ። የሌላውን ወገን ምስክር ሲጠይቁ ግን አይከራከሩ፤ ቃሉ ከሰነዱ ጋር የሚጋጭበትን አንድ ነጥብ ይዘው፣ መልሱ ከተሰጠ በኋላ ይቀመጡ። በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ጠበቃ የሚከራከር ሰው ማስታወሻ የሚይዝለትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚመክረው ረዳት አጠገቡ እንዲያስቀምጥ በአብዛኛው ይፈቀድለታል፤ በሌላም አገር ይህን መጠየቅ አይከፋም።

ፍርዱ ሲሰጥ የይግባኝ ጊዜው አጭር መሆኑን አስበው ግልባጩን ወዲያውኑ ይጠይቁ። የተፈረደልዎት ከሆነና ተከሳሹ በፈቃዱ ካልከፈለ፣ አፈጻጸሙን በሌላ ማመልከቻ መጠየቅ ሊኖርብዎት ስለሚችል ንብረቱና ገቢው የት እንዳለ ከወዲሁ መረጃ ያሰባስቡ።