አሮጌ የጃፓን ጎራዴ እንዴት ይመረመራል? (ዝገቱን ሳይነኩ)

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ሟች ወታደር የቤት ዕቃ ሲሸጥ ሄጄ ነበር። ወንበር ፍለጋ ነው የሄድኩት። ጋራዡ ጥግ ላይ፣ ከዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች መሃል፣ አንድ አጭር ጎራዴ ቆሟል። ወንበሩን ትቼ እሱን ይዤ መጣሁ።

እዚህ አሜሪካ ይህ ብርቅ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች ከጃፓን ብዙ ጎራዴ ይዘው ተመልሰዋል። ዋልተር ኮምፕተን የሚባል አሜሪካዊ ሰብሳቢ ከገዛቸው አንዱ ከጦርነቱ በኋላ የጠፋ የጃፓን ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1963 ለካጎሺማው ተሩኩኒ ቤተ መቅደስ ያለ ክፍያ መለሰው። እኔም ይህን አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን እነግራችኋለሁ፤ እናንተ አታድርጉት።

1. ምንም አትንኩ

የሚያስፈልጋችሁ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሜትር፣ ስልክና አንድ አምፖል ነው። ኢንተርኔት ላይ በሳጥን የሚሸጠውን፣ ዱቄት ያለባት ድቡልቡል ከረጢት የምትገኝበትን "የጽዳት ዕቃ" ተዉት። ዱቄቱ የደቀቀ ድንጋይ ነው። በማያውቅ እጅ ብረቱን ይቧጭራል።

ጎራዴውን ስትመዙ ስለቱ ወደ ላይ ይሁን። ብረቱ በጀርባው ነው አፎቱ ላይ መንሸራተት ያለበት። አፎቱንም በስለቱ በኩል ጨብጣችሁ አትያዙ፤ የቆየ እንጨት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፣ ስለቱ በስንጥቁ ወጥቶ እጃችሁን ያገኘዋል። የተወለወለውን ብረት በጣት መንካት ክልክል ነው። ላብ ያዝገዋል።

2. የፋብሪካ ነው ወይስ የቀጥቃጭ?

ይህ ቶሎ ያልቃል። እጀታው ሙሉ በሙሉ ከብረታ ብረት ከተሠራና ስለቱ ብረት ላይ ተራ ቁጥር ከተቀረጸ፣ ለጦርነቱ በፋብሪካ የተመረተ የበታች ሹም ጎራዴ መሆኑ ነው። የታሪክ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን የምንፈልገው እሱን አይደለም። ወደ ጃፓንም አትላኩት፤ እዚያ በባህላዊ መንገድ ያልተሠራ ጎራዴ ስለማይመዘገብ ተመልሶ አይመጣላችሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። አንዳንድ መኮንኖች የአያቶቻቸውን ጎራዴ የወታደር እጀታና አፎት አልብሰው ዘምተዋል። ስለዚህ በልብሱ አትፍረዱ።

3. መለካት

ከጫፉ እስከ ጀርባው ጥርስ፣ ማለትም የመዳብ ቀለበቱ እስከሚቀመጥበት ድረስ፣ በቀጥታ ለኩ። ከ60.6 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ካታና (ወይም ታቺ፣ ማለትም ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ከወገብ የሚንጠለጠል የቀደመ ዓይነት) ነው። ከ30.3 እስከ 60.6 ያለው ዋኪዛሺ፣ ከዚያ ያነሰው ታንቶ ይባላል። ቁጥሮቹ እንግዳ የሆኑት ከጃፓን የድሮ መለኪያ፣ ከሻኩ ስለመጡ ነው። አንድ ሻኩ 30.3 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኔው 50 ግድም ስለሆነ ዋኪዛሺ ነው።

4. እጀታውን ማውጣት

እጀታውን የያዘችው አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት፤ ሜኩጊ ትባላለች። አንድ ጫፏ ቀጭን ነው፣ ከቀጭኑ በኩል ገፍታችሁ አውጧት። ምስማር አትጠቀሙ፤ የነሐስ ወይም የእንጨት ዘንግ ይሻላል። ከዚያ የእጀታውን ጫፍ በግራ እጅ ይዛችሁ ጎራዴውን ወደ ላይ፣ ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ አቁሙት። የግራ እጃችሁን አንጓ በቀኝ ቡጢ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። ብረቱ በንዝረቱ ይላቀቃል። አጭር ጎራዴ ቀላል ስለሆነ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላልና በጣም ቀስ በሉ። እምቢ ካለ ተዉት። በመዶሻ የሚታገል ሰው እጀታውን ይሰብራል።

5. ጭራውን ማንበብ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

እጀታው ውስጥ የሚገባውን የብረቱን ጭራ ጃፓኖች ናካጎ ይሉታል። ቀጥቃጩ ስሙን የሚቀርጸው እዚያ ላይ ነው። ከተወለወለው ብረት በተለየ ናካጎ ሆን ተብሎ እንዲዝግ ይተዋል። ዝገቱ ደግሞ ዕድሜ ይናገራል። የቅርቡ ቀይ ቡናማ ነው። መቶ ዓመታት ያስቆጠረው ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ እንደ ቆየ የምጣድ ጥላሸት ብረቱ ላይ ይዋሃዳል። አንድ ሰው አሲድ ቀብቶ ያስረጀው ዝገት ግን ብርቱካንማ ነው፤ ዥንጉርጉር ይሆናል፣ ጣት ላይም ይቀራል።

ፊርማ ካለ ዝገቱን ከፊርማው ጋር አስተያዩ። በቀረጻው ውስጥ ያለው ዝገትና በውጭ ያለው አንድ ዓይነት ነው? የፊደሎቹ ጠርዝ በዕድሜ ተበልቷል? ወይስ ቀረጻው የድሮውን ዝገት ሰንጥቆ ገብቶ ውስጡ ያብለጨልጫል? የመጨረሻው ከሆነ ስሙ በኋላ የተጨመረ ነው። የሐሰት ፊርማ በጃፓን የዛሬ ነገር አይደለም፤ ከመቶዎች ዓመታት በፊትም የታላላቅ ቀጥቃጮችን ስም እየቀረጹ የሚሸጡ ነበሩ። በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ) የሠራውን የኮቴትሱን ስም የያዘ ጎራዴ ሰብሳቢዎች መጀመሪያ ሐሰት ነው ብለው ነው የሚያነሱት። ዝነኛው ቀጥቃጭ ማሳሙኔ ደግሞ ሥራዎቹ ላይ የሚፈርመው ከስንት አንዴ ነበር። "ማሳሙኔ" የሚል ትልቅ ፊርማ ካያችሁ አትጓጉ።

የፊርማው ጎንም ይናገራል። ጫፉ ወደ ላይ፣ ፊርማው ወደ እናንተ ይሁን። ስለቱ በግራችሁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ካታና፣ በቀኛችሁ ከሆነ እንደ ታቺ የተፈረመ ነው። ናካጎው ላይ ከአንድ በላይ የችንካር ቀዳዳ ካለም ምናልባት ጎራዴው ከታች ተቆርጦ አጥሯል። ረጅም የነበረ ሲያጥር ፊርማው አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ፊርማ የሌለው ሁሉ ርካሽ አይደለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ። የእኔ ናካጎ ጥቁር ነበር። ፊርማ እንዳለው በጣቴ ይታወቀኛል፤ በዓይኔ ግን አላነበውም። እንግዲህ እኔ ብልህ ነኝ። ኮምጣጤና የድስት ማጠቢያ ሽቦ አምጥቼ ሲንክ ላይ ፈተግኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደ አዲስ ማንኪያ አበራ። ፊርማውም ወጣ፦ "ቢሹ ኦሳፉኔ ሱኬሳዳ"። ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ አሳየኋት። "አጸዳኸው እንዴ?" አለች። "አዎ" አልኳት፣ በኩራት።

ቢሹ የግዛቱ የድሮ ስም ነው፤ ኦሳፉኔ በዛሬው ኦካያማ አውራጃ ያለች የቀጥቃጮች መንደር ናት። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሱኬሳዳ በሚል ስም የሠሩ ቀጥቃጮች እዚያ ብዙ ነበሩ። በዚያ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ለተራ ወታደር በብዛት የተመረተም አለ፣ ለባለስም ጌታ የተሠራ ድንቅ ሥራም አለ፣ በኋላ የተቀረጸ ሐሰተኛም አለ። የእኔው የትኛው ነው? ጎራዴ ለሚያውቁ አንድ አዛውንት ወስጄ አሳየኋቸው። ናካጎውን አዩ። ጥቂት ዝም አሉና መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት። ፊርማው ከብረቱ ጋር እኩያ መሆኑን የሚመሰክረው ያ ዝገት ነበር፤ እሱ ደግሞ በሲንኩ ቧንቧ ወርዷል።

ማንበብ ካቃታችሁ የስልካችሁን መብራት ከጎን አብርታችሁ ፎቶ አንሱ። ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ከዚያ በላይ ምንም አያስፈልግም።

6. ብርሃኑ ሥር

ቀጥቃጩ ብረቱን በጭቃ ይቀባል፤ ስለቱ ላይ ስስ፣ ጀርባው ላይ ወፍራም። አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ስለቱ ይጠነክራል፣ ጀርባው ለዘብ ይላል። የሁለቱ ድንበር ሃሞን ይባላል። በአሲድ የተሳለ ሐሰተኛ ሃሞን በየገበያው ሞልቷል።

ለመለየት ክፍሉን አጨልሙና አንድ አምፖል ብቻ አብሩ። የጣሪያ ዘንግ መብራት አይሆንም፤ ሁሉን ነገር አንድ ያደርገዋል። ጎራዴውን ከዓይናችሁ ትይዩ ወደ አምፖሉ አቅጣጫ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ነጸብራቁ ድንበሩ ላይ ሲያርፍ እውነተኛው ይነቃል፦ አንዳንዱ በጠዋት ሣር ላይ እንዳለ ጤዛ ነጠላ ነጠላ ነጥብ ያበራል፣ ሌላው እንደ እንጦጦ ጉም ይነጣል። ሐሰተኛው ብታዘነብሉትም ባታዘነብሉትም ያው ግራጫ መስመር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጅቶብኛል፤ ካያችሁት በኋላ ግን አትረሱትም።

እዚያው ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። ስለቱን አቋርጦ የሚሄድ ፀጉር መሰል ስንጥቅ ሃጊሬ ይባላል፤ ጎራዴውን ይገድለዋል። ስለቱ ትንሽ መሸረፉ ግን ይታረማል፣ ሃሞኑን አልፎ እስካልሄደ ድረስ።

7. ወደ ባለሙያ

እስካሁን ተስፋ ካላችሁ ባለሙያ ፈልጉ። በሙያው ሥርዓት መጀመሪያ ቅርጹ፣ ቀጥሎ የብረቱ ገጽና ሃሞኑ ይታያል። ፊርማው መጨረሻ ላይ የሚመጣው ለማረጋገጫ ነው። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር ወረቀት ይሰጣል። ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ ሆዞን፣ ቶኩቤትሱ ሆዞን፣ ጁዮ፣ ቶኩቤትሱ ጁዮ ናቸው። ሻጭ እ.ኤ.አ. ከ1982 በፊት የተሰጠ ወረቀት ቢያሳያችሁ ሰብሳቢዎች ያን ያህል እንደማያምኑት እወቁ።

ብረቱ ከዛገና ምንም ካልታየ፣ የሠለጠነ ወልዋይ ትንሽ ቦታ ብቻ ከፍቶ "መስኮት" ሊያወጣላችሁ ይችላል። ሙሉ ውልወላው ውድ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ወስኑ። ቢላ የሚስል ሰው ጋ መውሰድማ አይታሰብ።

እኔም ባለፈው ዓመት ለአንድ ወልዋይ ፎቶ ልኬ ነበር። ስለ ብረቱ ምንም አላለም። "ናካጎውን ማን ነካው?" ብሎ ጻፈልኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም።