ኮሌጅ ገብቶ ካቻቪቴ መፍራት፦ የኤሌክትሮኒክስና የኮምፒውተር ሠልጣኞች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ የጥገና ሱቅ አለችኝ። ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ፣ ዲኮደር፣ ቻርጀር፣ አንዳንዴም የእንጀራ ምጣድ ሳይቀር ይመጣልኛል። በየዓመቱ ደግሞ ከኮሌጅ ለትብብር ሥልጠና የሚላኩ ሁለት ሦስት ልጆች እቀበላለሁ። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከሸዋ ሮቢት የመጡ አሉ። ጎበዞች ናቸው። ግን ልጆቹ ይቀየራሉ እንጂ ስህተቱ ያው ነው። እኔም በጊዜዬ አብዛኛውን ሠርቼዋለሁ፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው።

ስሙን ሰምቶ መመዝገብ

"ምን ተመዘገብክ?" ስትሉት "ኮምፒውተር" ይላችኋል። የትኛው ኮምፒውተር? ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ ማሽን መፍታት፣ ኬብል መዘርጋት፣ ሲስተም መጫን ነው። ዌብ ወይም ዳታቤዝ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ኮድ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ ቦርድና ቮልቴጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለው ኮምፒውተር ሳይንስ ሌላ ዓለም ነው፤ ፕሮግራምና ሒሳብ ይበዛዋል። አንድ ጌም መሥራት የሚያምረው ልጅ ሃርድዌር ገብቶ ዓመቱን ሙሉ ሲያኮርፍ አይቻለሁ። ጥፋቱ የልጁም የትምህርቱም አይደለም፤ ቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም።

ከመመዝገባችሁ በፊት ወርክሾፑን ግቡና እዩት። አንድ ማሽን ላይ ስንት ልጅ ነው የሚቀመጠው? መሣሪያዎቹ ይሠራሉ ወይስ አቧራ ለብሰዋል? በር ላይ ያገኛችሁትን ነባር ተማሪ ጠይቁ፤ ከማስታወቂያው ይልቅ እሱ እውነቱን ይነግራችኋል። ከተማችን ውስጥ የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክም እንዳለ አትርሱ። እዚያ የሚፈለገው ሞተር፣ ሴንሰርና የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚገባው ሰው ነው። "ኮምፒውተር ይሻላል" የሚለው የሰፈር ምክር ይህን አይቆጥርም።

"ሒሳብ አይሆንልኝም" ማለት

የሚያስፈልገው ሒሳብ እኮ ብዙ አይደለም። ባለ 9 ቮልት ባትሪ አላችሁ እንበል። ቀይ ኤልኢዲ፣ ማለትም ትንሿን አመልካች መብራት፣ ልታበሩ ነው። ኤልኢዲው 2 ቮልት ይወስዳል፣ የሚበቃው ከረንት 20 ሚሊአምፒር ነው። 9 ሲቀነስ 2፣ 7 ቮልት ይተርፋል። 7 ለ 0.02 አምፒር ሲካፈል 350 ኦም፤ መሐል የምታስገቡት ሬዚስተር፣ ማለትም ከረንቱን የሚገታው ዕቃ፣ ይህን ያህል ነው። ገበያ ላይ 350 የሚባል በቀላሉ ስለማይገኝ ከፍ ያለውን፣ 390ውን ትወስዳላችሁ። አለቀ። ይህን የማይሠራ ልጅ ግን ኤልኢዲውን በቀጥታ ባትሪው ላይ ይሰካና "የቻይና ዕቃ ነው" ይላል።

መልቲሜትሩን እንደ ቴርሞሜትር መጠቀም

እዚህ ላይ ረጋ ልበል፤ ሱቄ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ነገር የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ሠልጣኝ ቮልት፣ ከረንትና ኦም በሚለካው መልቲሜትር የአንዲት ትንሽ ሞተር ከረንት እንዲለካ አዘዝኩት። ቀዩን ገመድ 10 አምፒር ከሚለው ቀዳዳ ሰክቶ በትክክል ለካ። አመሰገንኩት። ከዚያ እኔ ደንበኛ ሳነጋግር፣ እሱ "ሶኬቱ መብራት አለው?" ብሎ የመምረጫ ቁልፉን ወደ ኤሲ ቮልት አዞረና ሁለቱን ጫፎች ሶኬቱ ውስጥ ከተታቸው። ቀዩ ገመድ ግን አሁንም 10 አምፒር ቀዳዳ ላይ ነው።

ድው! የሱቁ መብራት ጠፋ። የገመዱ ጫፍ ጠቁሮ ቀለጠ። ልጁ እጁን እያየ "ጋሼ፣ ቮልት ላይ አድርጌው ነበር እኮ" አለኝ። አድርጎታል፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የከረንት ቀዳዳ ከውስጥ ማለት ይቻላል እንደ ሽቦ ነው፤ ቁልፉ የትም ቢዞር 220ውን ቮልት ሾርት ያደርገዋል። ርካሽ መልቲሜትሮች ላይ ደግሞ ይህ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ፊውዝ የለውም። ቀዳዳው ሥር ተጽፏል፣ ግን ማን ያነባል?

ስለዚህ ከረንት ለክታችሁ ስትጨርሱ፣ መሣሪያውን ሳታስቀምጡ ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሱት። ሌላም ልጨምር፦ ኦም የሚለካው መብራት በጠፋበት ሰርኪት ላይ ብቻ ነው። ከረንት ሲለካ ደግሞ ሰርኪቱ ተቆርጦ መልቲሜትሩ መሐል ይገባል፤ ከጎን አይደገፍም።

"ነቅዬዋለሁ" ብሎ መተማመን

የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ወፍራም ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ አለ። 220 ቮልቱ ወደ ዲሲ ሲቀየር እላዩ ላይ 310 ቮልት ገደማ ይጠራቀማል። ስፒናውን ብትነቅሉትም ወዲያው ላይወጣ ይችላል። ልጆች በካቻቪቴ ሾርት አድርገው ሲያስጮሁት ጀግንነት ይመስላቸዋል። ብልጭታው ዓይን ያጠፋል፣ ቦርድም ይገድላል። መጀመሪያ በዲሲ ቮልት ለኩት። ቻርጅ ካለው ጉልበት ባለው ሬዚስተር ቀስ ብላችሁ አፍስሱት፤ ከዚያ እንደገና ለኩ። የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ከሆናችሁ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን ባትከፍቱት ይሻላል።

ሹራብ ለብሶ ራም መንካት

ይህ የኛ አገር ጣጣ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ደብረ ብርሃን እንዴት እንደሚበርድ የደረሰበት ያውቀዋል። ከተማው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ይደርቃል። ማታ ሹራብ ስታወልቁ ጠሽ ጠሽ ሲል፣ በጨለማ ደግሞ ብልጭ ሲል አይታችሁ ይሆናል። ያ ስታቲክ ነው፤ በፍትጊያ ሰውነታችሁና ልብሳችሁ ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ። እጃችሁ ላይ እስኪሰማችሁ ድረስ 3,000 ቮልት አካባቢ መድረስ አለበት። ቺፕ ግን ከ100 ቮልት ባነሰም ሊጎዳ ይችላል። ማለትም ሳይሰማችሁ ገድላችሁታል። የባሰው ደግሞ አንዳንዱ ወዲያው አይሞትም፤ ከወር በኋላ ደንበኛው ቤት ይሞትና ደንበኛው እናንተን ሌባ ይላል።

ስታቲኩን ከሰውነታችሁ የምታወርደው የእጅ አምባር ካለች ሁልጊዜ እሰሩ። ከሌለች ቢያንስ የሱፍ ሹራቡን አውልቁ፣ ራም (የኮምፒውተሩን ሜሞሪ) ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንኩ። ብርዱን ቻሉት፣ ምን ይደረግ።

ሶልደሩን ጫፉ ላይ ማቅለጥ

ጀማሪ ሶልደሩን፣ ማለትም ዕቃን ከቦርድ ጋር የሚያያይዘውን ቀላጭ ብረት፣ ማቃጠያው ጫፍ ላይ ያቀልጥና እንደ ቅቤ ይቀባል። ትክክለኛው አሠራር ሌላ ነው። የዕቃውን እግርና የቦርዱን መዳብ አንድ ላይ አሙቁ፣ ሶልደሩን ከዚያ መገጣጠሚያው ላይ አስነኩት፤ ራሱ ይፈስሳል። በደንብ የያዘው የሚያብረቀርቅ ይሆናል። ግራጫና ሻካራ ከሆነ አልያዘም፤ እንዲደርቅ እፍ ብላችሁበት ይሆናል። እፍ አትበሉ። የተለመደው ሶልደር ውስጥ እርሳስ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ቆሎ አስቀምጦ እየሠሩ መቆርጠም ይቅር። እጅ ታጥቦ ነው የሚበላው።

ስምንቱም መብራት በርቷልና ኬብሉ ደህና ነው ማለት

አንድ ጊዜ አንዲት ሠልጣኝ ለአንድ ቢሮ ኬብል ሠራች። ቴስተሩ ላይ ከ1 እስከ 8 በተርታ በራ። ተደሰተች። ኔትወርኩ ግን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል፣ ፋይል ሲላክ ይንቀራፈፋል። ቢሮዎቹ ኮምፒውተሩን ጠረጠሩ፣ እኛ የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚሰኩበትን ስዊች ጠረጠርን። ግማሽ ቀን ሄደ።

በመጨረሻ የኬብሉን መሰኪያ ጫፍ ብርሃን ላይ ይዤ ቀለሞቹን ቆጠርኩ። ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ሲያዩት ያምራል፤ ጥንድ ከጥንዱ ጋር ተቀምጧል። ስህተቱም እሱ ነው። ቢ በሚባለው አሰላለፍ 3ኛው ነጭ አረንጓዴ፣ 4ኛው ሰማያዊ፣ 5ኛው ነጭ ሰማያዊ፣ 6ኛው አረንጓዴ ነው። ማለትም አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሐል አድርጎ ያቅፈዋል። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙት የውጭ ረብሻ እንዲጣፋ ነው። 3ና 6 ከተለያየ ጥንድ ሲሆኑ ያ ጥቅም ይጠፋል። ቴስተሩ ግን ሽቦው ከዳር እስከ ዳር መድረሱን እንጂ ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አያውቅም። ሁለቱም ጫፍ በአንድ ዓይነት ስህተት ስለተሠራ ስምንቱም አረንጓዴ ያበራል።

እና ቀለሙን በቃል ያዙት። ስልክ ላይ እያዩ መሥራት እስከ መቼ?

ሳይጠይቁ ፎርማት ማድረግ

"ቀርፋፋ ነው" የተባለ ኮምፒውተር ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ማጽዳት፣ አይደለም። አንዲት እናት የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ የያዘ ላፕቶፕ አመጡ። የኔው ሠልጣኝ ፎርማት አደረገው፤ እውነትም ፈጠነ። "እትዬ፣ እንደ አዲስ ሆኖልዎታል" አላቸው። ፎቶው የት እንዳለ ሲጠይቁት የፊቱ ቀለም ተለወጠ። የተወሰነውን መለስነው፣ የቀረውን አልቻልንም። ገንዘብ አልተቀበልኩም፤ እሳቸውም አልሰደቡንም፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ። አሁን ሱቄ ውስጥ ሕግ አለ፦ ደንበኛው ፊት ለፊት ቆሞ "ምን ምን ፋይል አለዎት?" ተብሎ ተጠይቆ፣ ኮፒው ተከፍቶ ታይቶ፣ ከዚያ ነው ዲስኩ የሚነካው።

ትብብር ሥልጠናን ሻይ በማመላለስ መጨረስ

ሥልጠናው 70 በመቶው ተግባር ነው ይባላል። ወረቀት ላይ። አንዳንድ ቦታ ልጆቹ ሻይ ያመጣሉ፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳሉ፣ በመጨረሻ ፎርሙ ይፈረምላቸዋል። ጥፋቱ የድርጅቶቹ ነው፤ እኔንም ጨምሮ፣ ሥራ ሲበዛ። ግን ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። የተጣለ ቦርድ ለምኑ፣ ዕቃ ንቀሉበት፣ መልሳችሁ ሶልደር አድርጉ። በየቀኑ ያያችሁትን ብልሽት፣ የለካችሁትን ቮልት፣ የተቀየረውን ዕቃ ደብተር ላይ ጻፉ። ያ ደብተር ሥራ ፍለጋ ስትሄዱ ከፎርሙ ይበልጣል።

ሲኦሲ ላይ ቶሎ ለመጨረስ መሮጥ

ሲኦሲ የሙያ ብቃት ምዘና ነው፤ የሚያየው ውጤቱን ብቻ አይደለም፤ አሠራራችሁንም ነው። በእጇ ከማንም የማታንስ አንዲት ልጅ ነበረችን። የተግባር ፈተናው ላይ የተበላሸውን ማሽን ከሁሉም ቀድማ አስነሳች። ውጤቱ ሲመጣ "ገና ብቁ ያልሆነ" ይላል። አለቀሰች። መዛኙን ጠይቃ ስትመለስ ምክንያቱን ነገረችኝ፦ ኬዙን ስትከፍት ከመብራት አልነቀለችውም፣ የእጅ አምባሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አላሰረችውም፣ ዕቃዎቹንም ወደ ቦታቸው አልመለሰችም። እኛ ሱቅ ስንቸኩል የምናደርገውን ነው ያደረገችው፤ ከኔው ነው የተማረችው ማለት ነው። ለድጋሚው ስንለማመድ እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብላ እየተናገረች እንድትሠራ አደረግኳት። ሁለተኛ ጊዜ ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ስፒናውን ነቅላ መዛኙ እንዲያየው ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቱ ማስቀመጥ ነበር።