የተመለሰብኝን ማህደረ ተግባር እንዴት አስተካከልኩት

ባቲ አካባቢ ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። ክረምት ክረምት የምማረውን የትምህርት ቤት አመራር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ልጨርስ ስል ማህደረ ተግባሬ፣ ማለትም የሥራዬን ማስረጃ ያሰባሰብኩበት ክላሴር፣ ተመለሰብኝ። «ማስረጃው ሞልቷል፤ አንተ ግን የለህበትም» አሉኝ መምህሬ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ችግሩ የገባኝ ክላሴሩን ወለል ላይ ዘርግፌ ሳየው ነው። ቃለ ጉባኤ፣ ፎቶ፣ የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ እቅድ፣ ሁሉም በቀን ቅደም ተከተል ታጭቋል። ምን ችግር አይቼ ምን እንዳደረግኩ የሚናገር አንድ መስመር የለም።

አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። በትምህርት ቤት መሻሻል 4 ርዕሶች ከፈልኩት፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ለእያንዳንዱ አንድ ጉዳይ ብቻ መረጥኩ።

ለተሳትፎው የመረጥኩት የሰኞን ቀሪ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ነው፤ ልጆች ፍየል እየነዱ ከአባታቸው ጋር ይወርዳሉ። የስም መጥሪያውን ኮፒ አደረግኩና በሰኞው ዓምድ ያሉትን ቀሪዎች በቀይ አሰመርኩባቸው። ቀጥሎ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ህብረት (ወተመህ) ጋር የተነጋገርንበትን ቃለ ጉባኤ፣ ከዚያ ከስብሰባው በኋላ ያለውን የስም መጥሪያ አስገባሁ። ቀዩ ሳስቷል። መጨረሻ ላይ በራሴ ቃል ግማሽ ገጽ ጨመርኩ፦ ምኑ ሠራ፣ ምኑ አልሠራም። አንድ አባት «ፍየሉን ማን ይንዳልኝ?» ያሉኝን ሳይቀር ጻፍኩ። በእኔ እይታ ዋናዋ ይቺ ግማሽ ገጽ ናት።

አብዛኛውን ፎቶ አወጣሁት። ክላሴሩ በግማሽ ቀጠነ። በሳምንቱ ፈረሙልኝ። አሁን ለሙያ ፈቃዱ የጽሑፍ ምዘና እያነበብኩ ነው።