በሜዲኬይድ የሐኪም ቀጠሮ እንዴት ይያዛል?

በአሜሪካ በ1965 የተቋቋመው ሜዲኬይድ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሕክምና ወጪ የሚሸፍን የመንግሥት የጤና መድን ነው፤ ይሁንና ለሐኪሞች የሚከፍለው ከሌሎች መድኖች ስለሚያንስ፣ ካርዱን የያዘ ሰው ሁሉ በቀላሉ ቀጠሮ አያገኝም።

በመጀመሪያ ካርድዎን በደንብ ያንብቡ። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አገልግሎቱ የሚሰጠው መንግሥት ውል በገባላቸው የመድን ድርጅቶች በኩል ስለሆነ፣ ካርዱ ላይ የድርጅቱ ስምና የአባላት አገልግሎት ስልክ ቁጥር ይገኛል። የተመደበልዎ ሐኪም ካልተስማማዎ በዚሁ ቁጥር ደውለው ሌላ መምረጥ ይችላሉ።

ቀጥሎ ወደ ክሊኒኩ ይደውሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሜዲኬይድ ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ አንድ ድርጅት የተለያዩ መድኖች ስለሚሸጥ ክሊኒኩ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን ሊመልስ ይችላልና። ስለዚህ በካርዱ ላይ የተጻፈውን የመድን ስም በትክክል ጠርተው፣ ያንን መድን የያዘ አዲስ ታካሚ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ። የሚሰጥዎ ቀን ቢርቅም ይያዙት፤ ሌላ ታካሚ ሲሰርዝ እንዲደውሉልዎም በተጠባባቂነት ያስመዝግቡ።

እንግሊዝኛ የሚከብድዎ ከሆነ ቀጠሮውን ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮች ይህን ያለ ክፍያ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ፤ ስለ ወላጁ ሕመም መናገር ለሕፃን ከባድ ሸክም ነው፣ ስሕተትም ያስከትላል።

ክሊኒኮቹ ሁሉ ከመለሱዎ ወደ አባላት አገልግሎት ደውለው ሐኪም እንዲፈልጉልዎ ይጠይቁ፤ የደወሉበትን ቀንና ያነጋገሩትን ሰው ስም ይጻፉ። የመድን ድርጅቱ አብረውት ለመሥራት ውል ከገቡ ሐኪሞች መካከል የሚያስፈልግዎትን ሕክምና የሚሰጥ ካላገኘ፣ ከእርሱ ጋር ውል በሌለው ሐኪም እንዲታከሙ የመሸፈን ግዴታ አለበት። ምላሹ ካላረካዎ አቤቱታ ማቅረብ መብትዎ ነው። በዚህ መካከል በፌዴራል ድጋፍ የሚሠሩ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላትን ይሞክሩ፤ ሜዲኬይድ ይቀበላሉ፣ መክፈል ስላልቻለም ማንንም አይመልሱም።

መጓጓዣ ከሌለዎ ሜዲኬይድ ወደ ሕክምና የሚያደርስዎን ጉዞ ስለሚሸፍን ከቀጠሮው ብዙ ቀናት አስቀድመው ያስመዝግቡ። መድኑ በየጊዜው የሚታደስ በመሆኑ፣ አድራሻ ሲቀይሩ ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ የእድሳቱ ደብዳቤ በቀድሞው ቤትዎ ቢቀር በቀጠሮው ዕለት መድኑ ተቋርጦ ሊጠብቅዎ ይችላል።